ከአሮጌ ራዲዮ ሆድ ዕቃ ምን ይተርፋል?

ብዙዎቻችን በልጅነታችን በአያት ወይም በአጎት ቤት አንድ ትልቅ የእንጨት ራዲዮ አይተናል። በላዩ ዳንቴል ይለብሳል፤ በዳንቴሉም ላይ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ይቆማል፤ ልጆችም እንዳይነኩት በብርቱ ይጠበቃል። ሲከፍቱት ወዲያው አይናገርም። በመጀመሪያ የፊቱ መስተዋት ይበራል፤ ከዚያም ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ በቀስ እየጎላ ይደርሳል። ይህን ያህል የሚያስጠብቀው፥ በሆዱ ውስጥ ያሉት የመስተዋት ቫልቮች እስኪግሉ ድረስ ሥራ ስለማይጀምሩ ነው።

ትራንዚስተር ከተስፋፋ ወዲህ እነዚያ ራዲዮዎች ከሳሎን ወደ ጓዳ፥ ከጓዳም ወደ ቆጥ ተዛወሩ፤ አንዳንዶቹም ከባዶ ጠርሙስና ከአሮጌ ብረት ጋር ለቁራሌው ተሽጠው መርካቶ ምናለሽ ተራ ደረሱ። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ብዙ ሰዎች፥ ከእንዲህ ያለው ራዲዮ ውስጥ የተነቀለውን ዕቃ መልሰው እየገጣጠሙ፥ ሙዚቃ የሚሰሙበት የቫልቭ አምፕሊፋየር ይሠራሉ። ለመሆኑ ስድሳና ሰባ ዓመት የቆየ ዕቃ ይታመናልን? የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ መልሱን በገንዘቡ ገዝቶ ስለ ተማረ፥ አንባቢ በነጻ ያገኘው ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ ይተርከዋል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በባቡር ድልድይ ሥር

አሮጌ ዕቃ ነቅሎ አዲስ መሥራት በተማሪ ኪስ ልክ የተሰፋ ጥበብ ነው። ለዚህም ከቶክዮ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ከተማይቱ በቦምብ ተቃጥላ፥ ሕዝቡም ዜና የሚሰማበት ራዲዮ አጥቶ ነበር። ከወታደር መጋዘን የወጣ ቫልቭ፥ ሽቦና ትራንስፎርመር ግን በየመንገዱ ዳር ተዘርግቶ ይሸጥ ጀመር። ካንዳ በሚባለው ሰፈር አጠገብ የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ነበረና፥ ተማሪዎቹ ይህን የጦር ዕቃ እየገዙ ራዲዮ ይገጣጥሙና ሸጠው የትምህርታቸውን ወጪ ይሸፍኑ ነበር። በ1949 በጎዳና ላይ መቸርቸር እንዲቀር ትእዛዝ ሲወጣ፥ ነጋዴዎቹ አኪሃባራ በተባለው የባቡር ጣቢያ ድልድይ ሥር ጠባብ ጠባብ ሱቅ አገኙ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው በዚያ መተላለፊያ ውስጥ፥ አንዱ ነጋዴ ቫልቭ ብቻ፥ ሁለተኛው ሽቦ ብቻ፥ ሦስተኛው ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ከእነዚህ የገበያ አዳራሾች አንዱ እስከ 2013 ድረስ ቆይቶ ተዘግቷል።

ጃፓኖች በዚህ ብቻ አላበቁም። ዌስተርን ኤሌክትሪክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1930ዎቹ ለሲኒማ ቤቶች አምፕሊፋየር ይሠራ ነበር። በ1938 ያወጣው 300ቢ የተባለው ቫልቭ፥ አንዱ ብቻውን 8 ዋት ያህል ይሰጣል። ዛሬ ለአንድ ሲኒማ ቤት 8 ዋት ቢባል ያስቃል፤ በዚያን ጊዜ ግን ትላልቆቹ የቀንድ ስፒከሮች በጥቂት ኃይል ብዙ ድምፅ ስለሚሰጡ አዳራሹን ይሞሉት ነበር። አሜሪካኖቹ ሲኒማ ቤቶቻቸውን በአዲስ መሣሪያ ሲለውጡ አሮጌውን አውጥተው ጣሉ፤ ጃፓኖችና ጥቂት ፈረንሳውያን ግን የተጣለውን እየፈለጉ ገዙት። ኩባንያው በ1988 ይህን ቫልቭ መሥራት ሲያቆም ዋጋው እንደ ጌጥ ተሰቀለ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም በስሙ እንደገና እንዲሠራ ግድ ሆነ። ትናንት ለቆሻሻ የተጣለው ዛሬ በደመወዝ የማይገዛ ሆነ ማለት ነው። እኔ እንኳ 300ቢ የሚባለውን በሥዕል እንጂ በዓይኔ አላየሁትም።

መስኖና መዝጊያው

ነገሩን ለመረዳት ቫልቭ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ፥ ጣሊያኖች «ቫልቮላ» ሲሉ ይህንንም የቆጣሪውንም ፊውዝ ማለታቸው ነው፤ ወደ እኛ አገር የገባው ግን የፊውዙ ትርጉም ስለ ሆነ፥ ቫልቮላ እፈልጋለሁ ያለ ሰው ፊውዝ ይሰጠዋል።

ቫልቭ አየር ተመጥጦ የወጣለት መስተዋት ነው። በመካከሉ በውስጥ ክር የሚግል ካቶድ አለ፤ እርሱም ሲግል ኤሌክትሮን ይረጫል። በዙሪያው አኖድ የሚባል ቆርቆሮ አለ፤ በእርሱ ላይ 250 ቮልት ያህል አዎንታዊ ኃይል ስለሚደረግበት ኤሌክትሮኑን ወደ ራሱ ይስባል። ፍሌሚንግ የተባለው እንግሊዛዊ በ1904 የሠራው ይህንኑ ነበር። ደ ፎረስት የተባለው አሜሪካዊ ግን በ1906 በሁለቱ መካከል አንድ ሦስተኛ ነገር፥ ግሪድ የሚባለውን የሽቦ ፍርግርግ ጨመረበት። ግሪድ ማለት በመስኖ ቦይ ላይ እንዳለው መዝጊያ ነው። ትንሽ ልጅ መዝጊያውን በአንድ እጁ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ትልቁ ውኃ እንደሚታዘዝለት፥ በግሪድ ላይ የሚመጣው ደካማ የሙዚቃ ምልክት በአኖድ ላይ ያለውን ብርቱ ኃይል ያዝዘዋል። ነገር ግን መዝጊያው ዘወትር በመጠኑ ዘጋ ማለት አለበት፤ ይኸውም ግሪዱ ከካቶዱ በታች በጥቂት ቮልት አሉታዊ ሆኖ መቆየት አለበት። ይህችን ጥቂት ቮልት አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ጉዴ ሁሉ የመጣው በእርሷ ነውና።

አንድ አምፕሊፋየር እንዴት እንዳቃጠልሁ

የገዛሁት ራዲዮ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአውሮጳ የተሠራ ነበር። ሣጥኑን ምስጥ በልቶታል፤ የጣቢያ ስም የተጻፈበት መስተዋቱም ተሰብሯል። ይህን የምናገረው በከንቱ አይደለም። ሊጠገን የሚችል ራዲዮ ለመለዋወጫ ብሎ ማፍረስ፥ እንቁላል የምትጥል ዶሮ እንደ ማረድ ስለሚቆጠር ነው። ይህኛው ግን ያለቀለት ነበር። በውስጡ ካሉት ቫልቮች ሦስቱ ለአምፕሊፋየር ይበቃሉ፤ ኢኤቢሲ80 ደካማውን ምልክት በመጀመሪያ ያጎላል፤ ኢኤል84 ስፒከሩን ይነዳል፤ ኢዜድ80 ደግሞ ተለዋዋጩን የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል። ኢኤል84 በ1953 የወጣ ቫልቭ ሲሆን፥ አንዱ ብቻውን ወደ 5 ዋት ይሰጣል። ለአንድ ክፍል ቤት 5 ዋት ብዙ ነው፤ ባለቤቷ የምታከራይ እመቤት ከሆነች ደግሞ ይበዛል።

ሁለት ቅዳሜ ፈጅቼ ሠራሁት። ሬዚስተሩንም፥ ካፓሲተሩንም፥ መሰኪያውንም ሁሉ ከዚያው ከራዲዮው ነቅዬ ተጠቀምሁ። አንድም አዲስ ነገር አልገዛሁም፤ በዚህም እኮራ ነበር። ስከፍተው ሠራ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲያ ያለ ለስላሳ ድምፅ በቤቴ ተሰምቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ድምፁ ይጎረብጥ ጀመር። ቀና ብዬ ባይ በኢኤል84 ውስጥ ያለው አኖድ እንደ ፍም ቀልቷል። ስፒናውን እስክነቅል የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው። የቫልቩን ኃይል ወደ ስፒከሩ የሚያስተላልፈው ትራንስፎርመር፥ ጠጉር የሚያህለው ሽቦው ተበጥሶ ሞተ።

ሬሳውን ይዤ ወደ አንድ አዛውንት ራዲዮ ጠጋኝ ሄድሁ። ገልብጠው ለአንድ ደቂቃ ያህል አዩትና፥

«ኮንደንሰሩን ለውጠኸዋል?» አሉኝ። ካፓሲተሩን ማለታቸው ነው፤ የጥንት ጠጋኞች የሚጠሩት እንዲህ ነው።

«አልለወጥሁትም ጋሼ፤ ለክቼው ደኅና ነው።»

«በምን ለካኸው?»

«በቴስተር።»

«የቴስተርህ ባትሪ ስንት ቮልት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«እዚህ ላይ የሚያርፍበትስ?»

መልስ አልነበረኝም። የሚያርፍበት መቶና ከመቶ በላይ ነው።

ያደረሰው ጥፋት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቫልቭ አኖድና በኢኤል84 ግሪድ መካከል፥ ጣት የማታህል ቡናማ ካፓሲተር ትቆማለች። ሥራዋ ተለዋዋጩን የሙዚቃ ምልክት አሳልፋ፥ ከአኖዱ የሚመጣውን ቀጥተኛ ቮልት መከልከል ነው። የተሠራችው ከብረት ቅጠልና ከወረቀት ሲሆን፥ በሰም ወይም በሬንጅ ተደፍናለች። ነገር ግን በብዙ ዓመት ውስጥ ወረቀቱ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥብ ወረቀትም ቀጥተኛውን ኃይል ጥቂት ጥቂት ያሳልፋል። የግሪዱ ሬዚስተር 1 ሚሊዮን ኦም ስለ ሆነ፥ ከአንድ አምፔር አንድ ሚሊዮንኛው እጅ ብቻ ቢያልፍ በግሪዱ ላይ 1 ቮልት ይፈጠራል። ኢኤል84 መዝጊያውን ዘጋ አድርጎ የሚይዘው በ7 ቮልት ብቻ ነው። እንግዲህ ሰባት ሚሊዮንኛ አምፔር ቢያልፍ መዝጊያው ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ነው፤ ቫልቩ ይግላል፤ ትራንስፎርመሩም ከርሱ ጋር ይነዳል። ካፓሲተሯ ስትሞቅ ደግሞ ይበልጥ ታሳልፋለች፤ ሃያ ደቂቃ ደኅና ሠርቶ የተበላሸው ስለዚህ ነው።

ትክክለኛውን መለኪያ አዛውንቱ አሳዩኝ። ኃይሉ ተዘግቶ ሳለ ወደ ግሪዱ የሚሄደውን የካፓሲተሩን ጫፍ ነቅሎ፥ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠውን ዲጂታል ቴስተር በዚያ ጫፍና በሻንሲው መካከል በመያዣ ማሰር፥ ከዚያ እጅን አርቆ ኃይሉን መክፈት ነው። የቴስተሩ የውስጥ ሬዚስተር እንደ አብዛኛዎቹ 10 ሚሊዮን ኦም ከሆነ፥ እያንዳንዱ የሚታየው ቮልት የአንድ ሚሊዮንኛ አምፔር አሥረኛ እጅ መፍሰሱን ያመለክታል። የእኔይቱ ካፓሲተር እኅት፥ ከዚያው ራዲዮ የተነቀለችው፥ ስትለካ በደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላበኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የወረቀት ካፓሲተር መልኩ ምንም ቢያምር ከቅርጫት በቀር ቦታ የለውም። አዲሱ የፕላስቲክ ካፓሲተር ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም።

ብረትና መስተዋት፥ ወረቀትና ውኃ

እንግዲህ የዕቃው ዕድሜ ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚናገረው ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ ነው። ብረትና መዳብ፥ መስተዋትም፥ ሰባ ዓመት ይታገሣሉ፤ ወረቀትና እርጥብ ነገር አይታገሡም።

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ትራንስፎርመሩ ነው። አዲስ ልግዛ ቢሉ ውድ ነው፤ ለመጠቅለልም ትዕግሥተኛ ባለሙያ ይጠይቃል። ዋናው ትራንስፎርመር ብዙ ጊዜ ከ110 እስከ 245 ቮልት የሚያዞሩት መምረጫ አለው፤ ዕቃው ከየት አገር እንደ ዞረ አይታወቅምና በእኛ 220 ላይ መሆኑን ማየት ያሻል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፥ ክሩ የሚግል የድሮ ዓይነት 60 ዋት አምፑል በመንገዱ ላይ በተከታታይ ቢታሰር፥ አጭር ግንኙነት ያለበት ትራንስፎርመር አምፑሉን በሙሉ ብርሃን ያበራውና ራሱ ይተርፋል፤ ደኅናው ግን አምፑሉን እምብዛም አያበራም።

ለሞተው የስፒከር ትራንስፎርመር ምትክ ስፈልግ ከሌላ ሬሳ አንድ ስሙ የጠፋ አገኘሁ። ይሆን አይሆን እንደ ሆነ የሚታወቀው በሒሳብ ነው። ኢኤል84 በፊቱ 5,200 ኦም እንዲያገኝ ይወዳል፤ ስፒከሩ ግን 4 ኦም ነው። 5,200 ለ4 ሲካፈል 1,300፤ የዚህም ካሬ ሥር 36 ያህል ነው። ስለዚህ የጥቅሉ ብዛት ሠላሳ ስድስት ለአንድ መሆን አለበት። ቀጭን ሽቦ ባለው ወገን 12 ቮልት ተለዋዋጭ ብናስገባ፥ በወፍራሙ ወገን ከቮልት ሢሶ ያህል መውጣት አለበት ማለት ነው። የእኔው እንዲሁ ሆነ። ነገር ግን ተማሪ ወዳጄ፥ እባክህን ወገኑን አታሳስት! ያንኑ 12 ቮልት በወፍራሙ ወገን ብታስገባ በቀጭኑ በኩል ከ400 ቮልት በላይ ይወጣል፤ ያም ይገድላል።

ቫልቮቹን በተመለከተ፥ ከመስተዋቱ ውስጥ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ቅብ አለ፤ የተረፈውን አየር የሚውጥ ባሪየም ነው። ወደ ነጭነት ከተለወጠ አየር ገብቷልና ቫልቩ ያለቀለት ነው። ብሩ ደኅና ከሆነ ተስፋ አለ፤ ሆኖም ካቶዱ በሺህ በሚቆጠር ሰዓት ሥራ እየደከመ ይሄዳልና ሞክሮ ከማየት በቀር ሌላ ብልሃት የለም። ደግነቱ ኢኤል84ን ዛሬም በስሎቫኪያና በሩሲያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ።

ሬዚስተሮቹ ጊዜ ሲያልፍ ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ 100 ሺህ የሚለው 140 ሺህ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለክቶ ያልራቀውን መውሰድ ነው። መሰኪያ፥ ቁልፍ፥ ብሎንና ሻንሲ ጠርጎ መውሰድ። ስፒከሩ ወረቀቱን አይጥ ካልበላው ሊናቅ አይገባውም፤ በጥቂት ዋት እንዲጮህ የተሠራ ነውና ከእንዲህ ያለው አምፕሊፋየር ጋር የዛሬው ስፒከር አይተካከለውም።

ትልልቆቹ የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ግን በውስጣቸው እርጥብ ነገር አለ፤ እርሱም ይደርቃል። ቮልቱን በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ እየጨመሩ እንደገና የሚያስነሡ ትዕግሥተኞች አሉ። እኔ ድካሙ ከዋጋው ይበልጣል ባይ ነኝ። አዲሱን ሲገዙ ግን ትልቅ ሁሉ ጥሩ መስሎ እንዳይታይ፤ ከኢዜድ80 ቀጥሎ የሚቆመው የመጀመሪያው ካፓሲተር ከ50 ማይክሮ ፋራድ ከበለጠ፥ ለመሙላት የሚጎትተው ኃይል ቫልቩን ይጎዳዋል።

ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት

በራዲዮው ውስጥ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም እስከ 300 ቮልት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። የሚያኖረው ያው ትልቁ ካፓሲተር ነው። በካቻቢቴ አገናኝቶ ማፈንዳት ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ፤ ዓይናቸውን ይጠብቅላቸው። ሥርዓቱ፥ 10 ሺህ ኦምና 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር እጀታው በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ይዞ፥ በካፓሲተሩ ጫፍና በሻንሲው መካከል አሥር ሴኮንድ ያህል ማቆየት፥ ከዚያም በቴስተር ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የበራ ዕቃ ለመለካት ግድ በሆነ ጊዜ ሁለተኛው እጅ በኪስ ይግባ፤ ኃይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መንገዱ በልብ በኩል ነውና።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራ ራዲዮ አለ። ዋጋው እንዲቀንስ ዋናው ትራንስፎርመር የቀረበት ነው፤ የቫልቮቹ ስም በ«ዩ» ፊደል ይጀምራል። በእርሱ ላይ ከስፒናው ሁለት እግር አንዱ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር የተገናኘ ነው። የእኛ አገር ስፒና ደግሞ ተገልብጦም ይገባል። እንግዲህ ስፒናው በተገለበጠ ቀን ሻንሲው ራሱ 220 ቮልት ነው። ለጀማሪ እንዲህ ያለውን ከነሣጥኑ መተው ይሻላል።

አንዳንዶቹ የጀርመን ራዲዮዎች ኃይሉን በሴሌኒየም ሳህኖች ይለውጣሉ፤ ሲቃጠሉ መርዛም ጢስ ይሰጣሉና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው። ከሲኒማ ቤት ወይም ከፋብሪካ የወጣ ትልቅ የዘይት ካፓሲተር ሲገኝ ደግሞ አይከፈት፤ አሜሪካ በ1979 እንዳይሠራ የከለከለችው ፒ ሲ ቢ የሚባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል።

አሁን በጠረጴዛዬ ላይ የቆመው አምፕሊፋየር፥ ትራንስፎርመሮቹ፥ ቫልቮቹ፥ መሰኪያዎቹና ስፒከሩ አሮጌ ናቸው፤ ካፓሲተሮቹ በሙሉና ከሬዚስተሮቹ ግማሾቹ አዲስ ናቸው። አዛውንቱ አንድ ማታ መጥተው ሰሙት። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ ጣቢያ ሲገኝ አረንጓዴ ብርሃኑን የሚዘረጋውን የራዲዮውን ዓይን፥ ኢኤም80ን፥ የት እንዳደረስሁት ጠየቁኝ። በመሳቢያ ውስጥ ነበር። ለአምፕሊፋየር ምንም ሥራ የለውም፤ እርሳቸው ግን ካውያ አስግለው ከአንድ ሬዚስተር ጋር አበየዱልኝ። ብርሃኑ ደክሟል፤ ቀን አይታይም። ማታ መብራቱን ሳጠፋ ግን ከሙዚቃው ጋር ሲከፈትና ሲከደን ይታያል።